ከቀለሙ ሥር ያለችው እህቴ

የወተት ጥርሴን ነቅዬ ሳልጨርስ ነው፤ ከቆቦ ወጣ ብላ ወዳለችው መንደራችን አንድ ሠዓሊ መጡ። አለቃ ወልዱ ይባላሉ። ለቤተክርስቲያናችን ግድግዳ የሚሆን ሥዕል ሊሥሉ ተቀጥረው እኛ ቤት አረፉ። ግቢያችን ሙጫና የዘይት ቀለም ይሸት ጀመር። ከማሽላው ማሳ የሚነሳው ትኩስ ነፋስ ሽታውን እስከ ጎረቤት ያደርሰው ነበር።

እህቴ ለተብርሃን በሦስት ዓመት ትበልጠኛለች። ስትሮጥ እንጂ ስትቀመጥ ያያት ሰው የለም። አለቃ ለአንዱ መልአክ የልጅ ፊት ሲፈልጉ ግን እሷን መረጡ። እንድትቀመጥላቸው ጥንቅሽ ይገዙላት ነበር። ያንን ጣፋጭ አገዳ እየመጠጠች፣ አንድ ጉንጯ ተወጥሮ፣ ዱካ ላይ ትቀመጣለች። እሳቸው በወጠሩት አቡጀዲ ላይ በከሰል ይነድፋሉ። እኔ ዝንብ አባርርላት ነበር።

“ዋጪው እንጂ ልጄ፤ የመልአክ ጉንጭ አያብጥም” አሏት አንድ ቀን።

“ሌላ ይሰጡኛል?” አለቻቸው። ከሰሉን እንደያዙ ሳቁ።

ቀለም ሲቀባ ጉንጩ ተስተካከለ፤ አቡጀዲውም ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ሴቶቹ ከቅዳሴ በኋላ ቀና ብለው እያዩ “ይቺ የብርቄ ልጅ አይደለችም እንዴ?” ይባባሉ ነበር። እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ፈገግ ትላለች።

በዓመቱ፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ ለተብርሃንን ወባ ያዛት። ጤና ጣቢያ ተወስዳ ተመለሰች፤ ከዚያ በኋላ አልተነሳችም። ፎቶ አልነበራትም። ለፋሲካ ቆቦ ፎቶ ቤት እንወስዳችኋለን ተብለን ነበር። የቀረን ግድግዳው ላይ ያለው ፊት ብቻ ሆነ። ዓመታት አልፈው ጣሪያው ሲያፈስ እሱም ተበላሸና አንድ በጎ አድራጊ ባመጣው ቀለም ሌላ መልአክ ተሣለበት። እማዬ ግን ያንኑ ቦታ መሳለሟን አልተወችም።

ባለፈው ዓመት አዲሱ ቀለም መላላጥ ጀመረ። ከቤተክርስቲያኑ ኮሚቴ ገሚሱ “ፍቀን እንደ አዲስ እናሥለው” አለ። ገሚሱ ባለሙያ ይጠራ አለና ባለሙያዎች መጡ። የምትመራቸው ልጅ እግር ሴት ነበረች። ይዛው የመጣችው ካሜራ ዓይናችን በማያየው ብርሃን የላዩን ቀለም አልፎ የከሰሉን ንድፍ እንደሚያነሳ አስረዳችን።

“በቢላም፣ በውሃም፣ በጣትም አንነካውም” አለች። “ከተፋቀ የላዩም የታቹም አብሮ ይሄዳል።”

“ልጄ፣ ከሥር ያለችውን ለኔም ታሳዪኛለሽ?” አለቻት እማዬ። ባለሙያዋ ወንበር አምጥታ አጠገቧ አስቀመጠቻት።

ስክሪኑ ላይ መጀመሪያ የታየው ግራጫ ጭጋግ ነው። ከዚያ ክንፍ፣ ከዚያ አንገት፣ ከዚያ አንድ ጉንጩ ያበጠ ፊት።

“እዚህ ጋ ሠዓሊው ተሳስቶ ኋላ በቀለም አርሞታል” አለች ባለሙያዋ።

“አልተሳሳቱም” አለች እማዬ። “ጥንቅሽ ነው። እሷ ናት።”

ድምጿ እንኳ አልተለወጠም። እኔ እንባዬን ጠበቅሁ። ይህን ያህል ዓመት ስትናፈቅ የኖረች እህት ፊት ለፊቴ ነች፤ እኔ ግን የማየው የልጅ ሥዕል ነው፣ ያውም ጥሩ ሥዕል። የመሣሪያው ድምፅ ይሰማኛል። ከውጭ አንድ ባጃጅ ጥሩንባ ነፋ። ማልቀስ ያለብኝ መሰለኝና የነጠላዬን ጫፍ ወደ ዓይኔ አነሳሁ። ደረቅ ነበር።

ኮሚቴው መፋቁን ተወው። የተላላጠው ቀለም ባለበት እንዲጣበቅ፣ ጣሪያውም እንዲጠገን ተስማሙ። ለተብርሃን እዚያው ከሥር ቀረች። ባለሙያዋ ምስሏን በስልኬ ላከችልኝ።

በቀደም ልጄ ስልኬን ስትነካካ አገኘችው። ዕድሜዋ የያኔዋን ለተብርሃን ያህላል።

“እማ፣ አክስቴ ይቺ ናት?”

“አዎ።”

“ድምጿስ እንዴት ነበር?”

ያን ጊዜ ከማሳው ማዶ ስትጠራኝ ከስንቱ ልጅ ድምፅ ለይቼ አውቃት ነበር፤ ቀና ብዬ ማየት እንኳ አያስፈልገኝም። ዛሬ ፊቷ ቦርሳዬ ውስጥ አለ፤ ባሰኘኝ ሰዓት አውጥቼ አጎላዋለሁ። ድምጿን ፈለግሁት። ደጋግሜ ፈለግሁት፤ የሚመጣልኝ የእማዬ ነው።

“እንደ አያትሽ” አልኳት።

አመነችኝ። ስልኩን መልሳልኝ ወደ ጨዋታዋ ሄደች።