አባባ ናፍጣ የደፉ ዕለት

ልጅ ሳለሁ እንደ ምድር ቤታችን የሚያበግነኝ ነገር አልነበረም። ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ያለው ቤታችን ተዳፋት ላይ ስለተሠራ ከወለሉ ስር ጎንበስ ተብሎ የሚገባበት ሰፊ ክፍል አለው። አያቴ አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቡና ሲነግዱ ያጠራቀሙት ኮተት በሙሉ እዚያ ነበር፤ የተሰበረ ሚዛን፣ አንድ እግሩ የጎደለ አልጋ፣ አይጥ የበላው ኮርቻ፣ ተደራርቦ የሻገተ ባዶ ጆንያ። ይጣል ሲባሉ «ዲሲ፣ ተዪው፣ ይፈለጋል» ይላሉ። ሲፈለግ ግን አንድም ቀን አላየሁም።

ማታ ማታ ደግሞ እዚያው ምድር ቤት ደጃፍ ላይ ከሰል አቀጣጥለው፣ ፋኖሱን ምስማር ላይ ሰቅለው ተረት ይነግሩን ነበር። ያኔ ዓይናቸው እየደከመ ስለነበር ፊታችንን ሳይሆን ድምፃችንን እየተከተሉ፣ ጭሱ ሲመጣባቸው በጋቢያቸው ጫፍ እየመለሱ፣ ጅቡንም ጦጣዋንም በየድምፃቸው ሲያናግሩ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ አፉን ከፍቶ ያዳምጣል። እኔ ግን ከኋላዬ በተቆለለው ኮተት እየተናደድኩ ግማሹ ያመልጠኝ ነበር።

በዚያ ዓመት ሐኪሙ ዓይናቸው ቶሎ መታከም እንዳለበት፣ ከዘገየ ግን የጠፋው ብርሃን እንደማይመለስ ነገራቸው። ለሕክምናው የታሰበው ገጠር ካለችው ማሳቸው የተለቀመው ጀንፈል ቡና ነበር። ከነገለባው ደርቆ፣ በጆንያ ታስሮ ምድር ቤት ተቀምጧል። የሚጠበቀው ገዢው ነጋዴ መጥቶ እንዲያየው ብቻ ነው።

አንድ ቅዳሜ አባባና እናቴ ለለቅሶ ሰኮሩ ሄዱና ሊያድሩ ሆነ። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ትንሹን ወንድሜን ጎረቤት አስቀምጬ ወደ ምድር ቤቱ ወረድኩ። የሚጣለውን ጣልኩ፣ ብረታ ብረቱን ለቆራሌ አሸከምኩ፣ የሸረሪት ድሩን ጠረግኩ። የቡናውን ጆንያ ወደ ጥግ ገፍቼ ምስጥ የወረሰውን መሬት ሳይ ደሜ ፈላ። ጓሮ ለአጥር ቋሚ መቀቢያ የተቀመጠ ናፍጣ ነበር። ጄሪካኑን አምጥቼ መሬቱ ላይ አርከፈከፍኩት፣ በሩን ዘጋሁና ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

ቡና ሽታ ይስባል። ጅማ አድጎ ይህን የማያውቅ የለም፤ ሳሙና አጠገብ እንኳ አይቀመጥም። እኔም አውቅ ነበር፤ በዚያ ሁሉ ንዴት መሃል ግን ትዝ አላለኝም።

በማግስቱ ሲመሽ ተመለሱ። እናቴ ደክሟት ወደ ላይ ስትወጣ አባባ ቀጥታ ወደ ምድር ቤት ወረዱ፣ እኔም ተከተልኳቸው። አንዱን ጆንያ ፈትተው እፍኝ ዘገኑ፣ አሸተቱ፣ ደግመው አሸተቱ።

«ማነው?» አሉኝ።

ማልቀስ ጀመርኩ።

«ማሎ፣ እባክሽ አታልቅሺ ልጄ» አሉና ጆንያውን መልሰው አሰሩት።

ጠዋት ለእናቴ «ማታ ለምስጡ ብዬ ናፍጣ ደፋሁ፤ ቡናው መኖሩን ረሳሁት» ሲሏት ሰማሁ።

«እርስዎ? ቡና ሲያገላብጡ የኖሩት እርስዎ?» ብላ ጮኸች። ሳምንቱን ሙሉ ወቀሰቻቸው። እኔ ከበሩ ጀርባ ተደብቄ አዳመጥኩ። ነጋዴው መጣ፣ አሸተተ፣ ሄደ። ሕክምናው ለሚቀጥለው ምርት ተላለፈ፣ እስከዚያው ቀኝ ዓይናቸው ጨርሶ ጠፋ።

ይባስ ብለው ነገሩን ተረት አደረጉት። ከፍሙ ዳር ተቀምጠው «አንድ ሞኝ ቡና ነጋዴ ነበር» ብለው ይጀምራሉ፤ ገዢው አፍንጫውን ይዞ ሲሮጥ፣ አህያው እንኳ ሲያስነጥስ እያሉ ሲያወሩ ልጆቹ በሳቅ ይፈርሳሉ። ያኔ እኔ አንገቴን ቀብሬ፣ አሁን ስሜን ያነሳሉ፣ አሁን ያነሳሉ እያልኩ እስከ መጨረሻው እጠብቅ ነበር። አንድም ቀን አላነሱም። ቢቆጡኝ፣ ቢገርፉኝ ኖሮ ምናለ! ያን ሁሉ ዘመን በቡና የተከበረ ሰው የሰፈር መሳቂያ ሆኖ ቀረ። ለቅሷቸው ላይ ሳይቀር ያ ወሬ ተነስቶ ተሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ባለፈው ወር ምድር ቤቱን ለተማሪ ልናከራየው ብለን ከወንድሜ ጋር ልናጸዳ ገባን። ኮተቱ መልሶ ሞልቷል፤ እናቴም የአባባን አመል ወርሳ ምንም አታስጥልም። እኔ አቧራ እየዋጥኩ የተበጣጠሰ ፍራሽ ስጎትት ወንድሜ ደጃፉ ላይ ተደላድሎ ለልጆቹ የአባባን ናፍጣ ይተርክላቸዋል። ፍራሹን ለቅቄ ወጣሁ።

«አባባ አይደሉም» አልኩ። «የደፋሁት እኔ ነኝ።»

ልጆቹ ዞረው አዩኝ። ወንድሜ ሳቀ።

«ተይ ባክሽ፣ ተረቱን አታበላሺብኝ» አለኝና ካቆመበት ቀጠለ።

በዚያ ደጃፍ ብዙ ተረት ሰምቻለሁ፤ የጅቡም የጦጣዋም መጨረሻ ጠፍቶብኛል። የቀረኝ ይኸው አንዱ ነው። እውነት እንደተናገርኩ ሊመሰክሩልኝ የሚችሉት አባባ ብቻ ነበሩ።