የአኮርዲዮኒስቱ ሁለት ጣቶች

አሜሪካ፣ ላንድማርክ በሚባል ሰፈር ባለ አንድ አፓርትመንት የሜንቴናንስ ሠራተኛ ሆኜ ስሠራ ምሳዬን የምበላው ምድር ቤት፣ ቦይለሩ ያለበት ክፍል ውስጥ ነበር። ሳክስፎኔም የሚቀመጠው እዚያው ነው። ቤት ውስጥ መንፋት አይቻልም። ጎረቤት ይከሳል፤ አብራኝ የምትኖረው እናቴ ደግሞ ትቆጣለች። እናቴ ሰላቷን የማታስተጓጉል የወሎ ሴት ናት። ደሴ ላይ ከኪነት ቡድን ጋር መንፋት የጀመርኩ ጊዜ አኩርፋኝ፣ አሜሪካ መጥታም አልታረቀችኝም። ትንፋሽህን ለዚህ ብረት ጨረስከው ትለኛለች።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ስነፋ በሩ ተከፈተና ፀጉሩም ሽፋሽፍቱም በጄሶ ዱቄት የነጣ ሰው ገባ። ቧንቧ ፈንድቶ ያበላሸውን ግድግዳ ሊጠግን የመጣ የድራይዎል ሠራተኛ ነበር። ላቋርጥ ስል በእጁ ቀጥል አለኝና ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠ። ስጨርስ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ራሱን አስተዋወቀኝ። ሜክሲኳዊ ነው፤ ከሰሜኑ ከዛካቴካስ። ከታናሽ ወንድሙ ጋር ባንድ አለው። እሱ አኮርዲዮን ይጫወታል፤ ወንድሙ ዐሥራ ሁለት ክር ያለው ትልቅ ጊታር እየመታ ይዘፍናል፤ ቤዝና ድራም የሚጫወቱት የአክስታቸው ልጆች ናቸው። የእነሱ አገር ሙዚቃ ያለ ሳክስፎን ጎዶሎ ነው፤ ሳክስፎን ነፊያቸው ግን ቴክሳስ ገብቶ ቀርቷል። እሑድ ጠዋት ና አለኝ።

አሌክሳንድሪያ ውስጥ በአንድ ጋራዥ፣ ሞተራቸው በወረደ መኪኖች መሀል ነበር የሚለማመዱት። የመጀመሪያው እሑድ አፈርኩ። የእነሱ ዜማ እንደ ፈረስ ይጋልባል፤ አኮርዲዮኑና ሳክስፎኑ ጎን ለጎን ይሮጣሉ፣ አንዱ ቢደናቀፍ ሁለቱም ይወድቃሉ። እኔ ያደግኩት በአምባሰልና በባቲ ነው፤ አንዱን ድምፅ ይዤ ማሸት፣ ማጎንበስ ነው የማውቀው። አኮርዲዮኒስቱ አስቆመኝና እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ፣ "ያንተ ሳክስፎን ያለቅሳል። ያምራል። ግን እኛ የምንጫወተው ስድስት ቀን ሙሉ ሲያለቅስ ለከረመ ሰው ነው፤ በሰባተኛው ይጨፍር" አለኝ። ከዚያ ቁጭ ብሎ፣ ቀስ እያለ፣ ሐረግ በሐረግ አስተማረኝ። ሲያስተምር አይናደድም። ቀኝ እጁን ከፍ አድርጎ ጣቶቹን ያሳየኛል፤ ምን ያህል ቀለል አድርገው ቁልፎቹን እንደሚነኩ።

ከእነሱ ጋር ያደግኩ እስኪመስለኝ ድረስ ገባሁበት። መጀመሪያ የምንጫወተው ክርስትና ላይና ልጃገረዶች ዐሥራ አምስት ዓመት ሲሞላቸው በሚደገሰው ትልቅ ድግስ ላይ ነበር። ቀጥሎ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ምግብ ቤት ቅዳሜ ከሰዓት መደበኛ አደረገን። በር ላይ መኪና የሚያቆም አንድ ሐበሻ ልጥፍ ጥልፍ ያለበትን ወይን ጠጅ ጃኬቴንና ሹል ቡትሴን እያየ፣ በእንግሊዝኛ ይቅርታ ጠይቆ፣ ያገሬ ሰው መስለውኝ ነበር ብሎኝ አልፏል። ነኝ እኮ ብዬ በአማርኛ መልሼ ብጠራው፣ በሳቅ ፈርሶ መኪና ሊያጋጭ ነበር። ከዚያ አንድ ዘፈናችን በአካባቢው የስፓኒሽ ሬዲዮ መደመጥ ጀመረ። አልበም ቀረጽን፤ ቫን ገዛን፤ ካሮላይና ድረስ ተጠራን። ወንድምየው ከድራይዎል ሥራ ወጣ። አኮርዲዮኒስቱ ግን ሳምንቱን ሙሉ ግድግዳ መለጠፉን አልተወም፤ ልጁ ትምህርት ላይ ናት፣ የባንድ ነገር አይታወቅም ይል ነበር።

እኔ የምቆመው በስተቀኙ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ያየሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም። ሜዳ ላይ በተዘጋጀ አንድ የከሰዓት ባዛር ፈጣን ፖልካ እየተጫወትን ሳለ የቀለበት ጣቱና ትንሿ ጣቱ ወደ መዳፉ ተጠቀለሉ። ሺህ እግር ሲነኳት እንደምትጠቀለል፣ እንደዚያ። ዜማው ተሸራረፈ። ሕዝቡ እየጨፈረ ስለነበር ልብ ያለ የለም። ቫኑ ውስጥ ምን ሆነህ ነው ብዬ ብጠይቀው፣ ከጄሶ ሥራው ነው፣ እጄ ደክሟል አለኝ። እረፍት ወሰደ። ከእረፍቱ መልስ ባሰበት።

ከዚያ በኋላ መድረክ ላይ አንገቱን ወደ እኔ ያዘነብል ጀመር። ሁለተኛውን ዙር አንተ ያዝልኝ ማለቱ ነው። እይዝለታለሁ። ትንሽ ቆይቶ አንደኛውንም። ሰዎች መጥተው የሚያመሰግኑት እኔን ሆነ፤ ፎቶ የሚያነሱት ሳክስፎኑን ሆነ። እሱ ከጎኔ ቆሞ ወናፉን እየከፈተና እየዘጋ ባሉት ጣቶቹ ጥቂት ድምፅ ይጥላል፤ ፈገግታውን ግን አይጥልም። ባልነፋለት ይወድቃል፤ ብነፋለት ደግሞ ይጠፋል። የትኛው እንደሚሻል ዛሬም አላውቅም።

ሚስቱ አንድ ጠዋት ሥራ ቦታዬ መጣች። ቢሮ የምታጸዳ፣ ብዙ የማትናገር ሴት ናት። የመጣችበትን በቀጥታ ነገረችኝ፤ "አጠገቡ የምትቆመው አንተ ነህ። ምንድነው የምታየው? እኔ ቤት ውስጥ ምንም አይታየኝም" አለችኝ። ሽንኩርት ይከትፋል፣ ምስማር ይመታል፣ የልጁን ቀሚስ ቁልፍ ይቆልፋል፤ ጣቶቹ ጤነኛ ናቸው። ያየሁትን ነገርኳት። መሬት መሬት እያየች ሰማችኝና አፖይንትመንት ሲያገኝ አብሬው እንድሄድ ለመነችኝ፤ የሙዚቃውን ነገር አስረዳለት ብላ።

የነርቭ ስፔሻሊስቷን ለማግኘት ወራት ጠበቅን። አኮርዲዮኑን ይዞ እንዲመጣ ተነግሮት ነበርና እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ አንገቱ ላይ አጠለቀው። ዶክተሯ መጀመሪያ ጠረጴዛው ላይ በባዶ እጅህ ተጫወት አለችው። ጣቶቹ ጋለቡ። እንደ ድሮው፤ ከድሮውም የተሻሉ መሰለኝ። አሁን መሣሪያው ላይ አለችው። ጣቶቹ ቁልፎቹን ሲነኩ ሁለቱ ተጠቀለሉ። ደግማ ደጋግማ አስሞከረችው። ከዚያ ወንበሯን ቀረብ አድርጋ በአስተርጓሚ ነገረችው። ሕመሙ እጁ ላይ አይደለም፤ እጁን የሚያዘው አእምሮ ውስጥ ነው። ለዓመታት ያንኑ እንቅስቃሴ የደጋገሙ ሰዎችን ይይዛል። መድኃኒት ይኼ ነው የሚባል የለም፤ መርፌ አለ፣ አንዳንዱን ይረዳል።

አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቃት። ለምን ሌላ ሥራ ላይ አይመጣብኝም? አብዝተህ በሠራኸው ነገር ላይ ነው የሚመጣው አለችው።

መኪና ውስጥ ወደ መስኮቱ ዞሮ፣ "ሰነፍ ብሆን ኖሮ አይዘኝም ነበር ማለት ነው" አለ።

እናቴ ነገሩን ስትሰማ ዓይን ነው አለች። ሙዚቃ የምትጠላው ሴት ማልዳ ተነሥታ ለማታውቀው አኮርዲዮን ተጫዋች ዱዓ አደረገች፤ የጥቁር አዝሙድ ዘይት በጠርሙስ ሞልታ ላከችለት። ቢስሚላህ ብሎ ይቀባ በለው አለችኝ። በአክብሮት ተቀብሎ፣ እንዴት እንደሚባል ጠይቆኝ፣ ቃሏን በአፉ አጥንቶ ተቀባ። ለሳምንታት ቫኑ ጥቁር አዝሙድ ጥቁር አዝሙድ ሸተተ። መርፌውንም ተወጋ። መርፌው ጣቶቹን ከመጠቅለል አስጣላቸውና አለሰለሳቸው፤ ቁልፍ መጫን እስኪያቅታቸው።

ወንድሙ ከባልቲሞር ሌላ አኮርዲዮኒስት አመጣ። ተደብቆ አላደረገውም፤ እያለቀሰ ነው ያስፈቀደው። ታላቅየውም ትክክል ነህ፣ ቀን ቆርጠን ሰው ስናስጠብቅ እንዴት ይሆናል ብሎ ፈቀደ። ከዚያ በኋላ ቫኑን የሚነዳውና የድምፅ ማሽኑን የሚያስተካክለው እሱ ሆነ። አዲሱ ሰው ሲጫወት ከማሽኑ ኋላ ወደ ቆመው ወደ እሱ ዓይኔን ጣል ሳደርግ፣ ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ አንድም ድምፅ ሳይስት ይሮጣል። ዓይኔን እመልሳለሁ።

የልጁ ዐሥራ አምስተኛ ዓመት ደረሰ። ድግሱ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ አዳራሽ ውስጥ ነበር። በባህላቸው ልጅቷ ከአባቷ ጋር ዋልትዝ ትደንሳለች፤ እሷ ግን ከመደነስ ይልቅ አንተው ተጫወትልኝ አለችው። በእንግሊዝኛ ነው ያለችው፤ እንደኛ ልጆች እሷም ለአባቷ የምትመልሰው በእንግሊዝኛ ነው። እምቢ ማለት አልቻለም። እጅግ ቀላሉን፣ ቀርፋፋውን ዋልትዝ መርጦ በሦስት ጣት ለመጫወት ሲለማመድ ከረመ። ጋራዡ ውስጥ ሰምቼዋለሁ፤ ይወጣለት ነበር።

ያን ቀን ልጅቷ ሰፊ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ አዳራሹ መሀል ቆመች። ጀመረ። የመጀመሪያው ሐረግ ንጹሕ ነበር። በሁለተኛው ሌሎቹም ጣቶች ተከተሉና እጁ እንዳለ ጨበጠ። ሳክስፎኑን ወደ አፌ አነሣሁ፤ ዓይኖቼን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። አትንፋ ማለቱ ነው። እንደገና ሞከረ። እንደገና። እኔ መሣሪያዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ቆሜያለሁ፤ ዜማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አውቀዋለሁ፣ ግን የእኔ አይደለም።

በየመሀሉ ሙዚቃ እንዲከፍት የተቀጠረው ዲጄ ተጨንቆ ይሁን አዝኖ አላውቅም፣ ከአልበማችን ዋልትዙን ከፈተው። አዳራሹን የሞላው የእሱ የራሱ አኮርዲዮን ነበር፤ ጣቶቹ ደህና በነበሩ ጊዜ የተቀረጸው። መሣሪያውን አውልቆ ወንበር ላይ አስቀመጠና ወርዶ ከልጁ ጋር ደነሰ። ሰዉ አጨበጨበ። ሚስቱ ግን አላጨበጨበችም።

ከዚያ በኋላ ባንዱ ብዙ አልቆየም። ወንድሙና አዲሱ አኮርዲዮኒስት ሥራ በዛልን ብለው ቴክሳስ ገቡ፤ የባንዱም ስም አብሮ ሄደ። እኔን ኮል አድርገው ጠርተውኝ ነበር፤ እናቴን ጥዬ የት እሄዳለሁ። አሁን የሐበሻ ሠርግ ላይ እነፋለሁ፤ ሳላስበው በእስክስታው መሀል ፖልካ ይገባብኛል፤ ኪቦርዲስቱ ይገላምጠኛል።

እሱ ግድግዳ መለጠፉን ቀጥሏል። ባለፈው እሑድ ሠርግ ቦታ ሊያደርሰኝ መጥቶ መኪናው ውስጥ ሳክስፎኔን ሳሟሙቅ ጣቶቼን አተኩሮ ሲያይ ቆየ። ከዚያ፣ "ልጠይቅህ። ጣትህን ስታነሣ ምን ብለህ ነው የምታዘው?" አለኝ። ያስተማረኝ እሱ ነው። ጣቶቼን አየኋቸው። አንዱን አነሣሁ፣ መለስኩት። ሌላውን አነሣሁ።

"አላውቅም" አልኩት። ገብቶኛል ብሎ ራሱን ነቀነቀና በሩን ከፈተልኝ። ያን ዕለት ከሰዓት፣ ሙሽሮቹ ሲገቡ፣ ስለ ጣቶቼ እያሰብኩ ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ።