የአይጦቹ ሞግዚት

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በመዋዕለ ሕፃናት የሰው ልጅ አፍንጫ ስትጠርግ የኖረች ሴት፣ ጡረታ በወጣች በአራተኛው ወር የሜዳ አይጥ ያዥ ሆና ተቀጠረች። አብራት የምትኖረው ታናሽ እህቷ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ወሬውን ስትሰማ የስፌት መኪናዋን አቁማ ቀና አለችና ድመቷ ጡረታ ወጥታ ነው ወይ አንቺን የቀጠሩሽ ብላ ጠየቀቻት። መልስም አልጠበቀች፤ ሥራዋን ቀጠለች።

የቀጠረቻት አይጥ የምታጠና ዶክተር ናት። ገና ወጣት፣ ስትራመድ የምትሮጥ፣ ምሳዋን የምትረሳ ዓይነት። ጥናቷን ሞግዚቷ በሦስተኛው ቀን ገብቷት ለእህቷ እንዲህ ስትል አስረዳቻት፦ አይጦቹ ዘራቸው አንድ ነው፤ ከፊሎቹ ጫካ፣ ከፊሎቹ የስንዴ እርሻ፣ የቀሩት ደግሞ ሥራ ያቆመ የድንጋይ ማውጫ ካባ ውስጥ ይኖራሉ። አይጥ ቶሎ ትወልዳለች፣ ቶሎም ትሞታለች፤ ስለዚህ ትውልድ በትውልድ ላይ ሲደራረብ ቦታው ሰውነታቸውን እንዴት እንደሚለውጠው፣ የሚጣበቅባቸው ተባይም ከቦታ ቦታ እንዴት እንደሚለያይ በአንድ ሰው ዕድሜ ይታያል። የጫካዎቹ ጠቆር ይላሉ፤ የካባዎቹ ጆሯቸው ሰፊ፣ የኋላ እግራቸው ረጅም ነው። እህቷ ይህን ሁሉ ሰምታ፣ እኛስ እዚህ ጠባብ ቤት ስንኖር ምናችን ተለወጠ አለች።

ሥራውን ያገኘችው በእጇ ነው። ለፈተና የመጡት ሁሉ አይጥ ሲሰጣቸው ወይ ጨፈለቁ ወይ ለቀቁ። እሷ በሁለት ጣት የአይጧን ማጅራት ይዛ በመዳፏ ስትደግፋት አይጧ ዓይኗን ማስለምለም ጀመረች። ስሟ ሞግዚቷ ሆኖ የቀረው ያን ቀን ነው።

ጠዋት ጠዋት የቆርቆሮ ወጥመዶቹን ትዞራለች። እንዳይበርዳቸው ጥጥ፣ እንዲገቡ ደግሞ በኦቾሎኒ ቅቤ የተለወሰ አጃ በየወጥመዱ ታስቀምጣለች፤ አዲስ የተያዘች አይጥ ጆሮ ላይም ቁጥር ያለው ምልክት ትሰካለች። ጫካውና እርሻው ላይ ዶክተሯ ራሷ በተጣጣፊ ጠረጴዛዋ ቆማ ትመዝናለች፣ ደም ትወስዳለች፣ መዥገርና ቁንጫ ትቆጥራለች። ደሙ ግን ሳይሞቅ ቤተ ሙከራ መድረስ ስላለበት የጥናቱ መኪና ሹፌር ዶክተሯን ያደርስና ሞግዚቷንና የካባዎቹን አይጦች ሊወስድ ይመለሳል፤ እነሱ ቤተ ሙከራው ውስጥ ተመዝነው፣ መዥገራቸው ተቆጥሮ፣ ማታ ካባቸው ይለቀቃሉ። አርባ ደቂቃ ነው መንገዱ፤ ሹፌሩ ሻይ ካማረው ደግሞ (ሁልጊዜ ያምረዋል) ሰዓት ይሞላል።

እንግዲህ ጉዱ የፈላው በዚህች ሰዓት ውስጥ ነው። ሞግዚቷ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ አይጦቹን በጨርቅ ከረጢታቸው ታቅፋ፣ ሥራ ፈትታ ትጠብቃለች። እጇ ደግሞ ሥራ መፍታት አያውቅም። የአንዷን ጆሮ ገልበጥ ስታደርግ ምስር የሚያክል መዥገር። ሌላዋም ላይ ሁለት። ልጅን አፍንጫውን ሳትጠርግ ለእናቱ አስረክባ የማታውቅ ሴት፣ እንዲህ ያለ ጆሮ ይዛ ዶክተር ፊት ልትቀርብ ነው? የቅንድብ ወረንጦዋን ከቦርሳዋ አወጣች። ያለቀለት ነገር ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የካባ አይጥ ሁሉ ጸድቶ ነው ቤተ ሙከራ የሚገባው። አይጥ ማጽዳት ክልክል ነው ያላት ሰው የለም።

የነቀለችውን ግን አልጣለችም። በመዋዕለ ሕፃናቱ ሕግ ነበራት፦ ከልጅ ጆሮ የወጣ ነገር፣ ባቄላም ይሁን የልብስ ቁልፍ፣ ስምና ቀን ተጽፎበት ለእናት ይታያል እንጂ አይጣልም። መዥገሮቹንም በባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ አልኮል ውስጥ እየከተተች የአይጧን የጆሮ ቁጥርና ቀኑን ትጽፍባቸዋለች። በሁለት ዓመት ውስጥ የወጥ ቤቱ መሳቢያ በብልቃጥ ተሞላ። እህቷ ማንኪያ ስትፈልግ መዥገር እያገኘች ቤቱን ለቅቄ እሄዳለሁ ስትል ከርማለች።

በሁለተኛው ዓመት ማብቂያ ዶክተሯ ሠራተኞቹን ሰብስባ፣ በሳምንቱ በትልቁ የምርምር ጉባኤ ላይ የምታቀርበውን ንግግር ልትለማመድ ግድግዳው ላይ ሥዕል አበራች። ፊቷ እንደዚያ ሲበራ ማንም አይቶ አያውቅም። የጫካዎቹ መዥገር ይኸው፣ የእርሻዎቹ ይኸው፤ የካባዎቹ ግን ከነጭራሹ የላቸውም፣ ክብደታቸውም ይጨምራል አለች። ሰውነታቸው በትውልድ ብዛት መዥገርን እምቢ የሚልበት መላ አግኝቷል ማለት ነው። ሹፌሩ የኛ ካባ ብሎ አጨበጨበ። ሞግዚቷ የነከሰችውን ብስኩት ወደ ሳህኑ መለሰች። ያ መላ ቦርሳዋ ውስጥ፣ ከማበጠሪያዋ ጎን ነው ያለው።

ማታ ለእህቷ ነገረቻት። ዝም ብትል የወጣቷ ዶክተር ስም በውሸት ይወጣና አንድ ቀን በእውነት ይወርዳል፤ ብትናገር የሁለት ዓመት ድካሟን አፈር ታለብሰዋለች፣ ራሷም ከሥራዋ ትባረራለች። ሥራውን ደግሞ ትወደዋለች፤ ከጡረታ በኋላ ጠዋት እንድትነሣ ያደረጋት እሱ ነው። እህቷ ሆድ ይፍጀው አለቻት።

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሲባል ሰምቻለሁ» አለች ሞግዚቷ። «እኔ ባጠፋሁ አይጥ ስትመሰገን ዝም በል የሚል ተረት ግን አላውቅም።»

ጠዋት ብልቃጦቹን በዘንቢል ሞልታ ዶክተሯ ቢሮ ገባች። ወረንጦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ሳትቀመጥ ሁሉንም ተናገረች። ዶክተሯ ወረንጦውን አንሥታ ገለባበጠችው።

«የካባዎቹን ብቻ?»

«ሹፌሩ የሚዘገየው እዚያ ብቻ ነው፣ ልጄ።»

ዶክተሯ ተነሥታ ወደ መስኮቱ ዞረች። ከምሳ በኋላ ተመለሺ አለቻት። ሞግዚቷ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስንብቷን ጠበቀች፤ ሹፌሩ ነገሩን ሲሰማ ሻይ አምጥቶላት አጠገቧ ቆሞ ጫማውን ያይ ነበር።

ስትመለስ ብልቃጦቹ በቀን ቅደም ተከተል ተደርድረዋል፤ ዶክተሯ አጉሊ መነጽር ይዛ አንድ በአንድ ትቆጥራለች። ንግግሩን ሰርዛለች፤ ደብዳቤው ለጉባኤው ተልኳል። ዓይኗ ቀልቷል። ይሁን እንጂ ድምፅዋ ውስጥ ሌላ ነገር ነበር። የካባዎቹ መዥገር ከሁሉም ይበዛል አለች። ትክክለኛው መልስ የተናገረችው ነገር ተቃራኒ ነው፤ እሱም በመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ ሲጠብቃት ኖሯል። ቀጥሎም፣ የጸዱት እንዲያ የወፈሩት ስለጸዱ ከሆነ፣ መዥገር ከአንዲት አይጥ ምን ያህል ጉልበት እንደሚበላ መለካት ይቻላል። ግማሹን ማጽዳት፣ ግማሹን መተው ነው።

«አይጥ አቅፎ መዥገር የሚለቅም ሌላ ሰው ከየት አመጣለሁ?» አለቻት። «ሥራሽ አሁን ገና ጀመረ፣ እትዬ።»

ሞግዚቷ እዚያው ዶክተሯ ፊት አለቀሰች፤ የደስታ ነበር። ሹፌሩ ዘንቢሉን ተሸክሞ ከኋላ ከኋላ እየተከተለ፣ እንግዲህ መዘግየቴ ለሳይንስ ነው ማለት ጀመረ።

የትኛዋ እንደምትጸዳ ዕጣው በእህቷ የልብስ ቁልፎች ሆነ፦ ከረጢት ውስጥ እጅ ገብቶ ነጭ የወጣላት ትጸዳለች፣ ጥቁር የወጣላት መዥገሯን እንደያዘች ትቀራለች። አርባ አንድ ቁጥር አይጥ ጥቁር ወጣላት። አርባ አንድ ደግሞ ሌላ ናት፤ ጆሮዋ ጫፉ ላይ የተቀደደ፣ ወጥመዱን እንደ ማረፊያ ቤት የምትጠቀም፣ በወር አራት ቀን ገብታ አጃዋን በልታ ጥጥ ውስጥ ተኝታ የምትገኝ። ሞግዚቷ ወረንጦዋን ለዶክተሯ ሰጠቻት።

«አንቺ ጋ ይሁን። ነጭ የወጣላት ስትመጣ ስጪኝ። እኔ ራሴን አውቀዋለሁ።»

ዓመት ሙሉ አርባ አንድ መዥገሯን ይዛ መጣች፣ መዥገሯን ይዛ ሄደች። ሞግዚቷ በመዳፏ አቅፋ ጆሮዋን ታያለች፣ ምራቋን ትውጣለች፣ ከረጢቷ ውስጥ ትመልሳታለች። በዓመቱ ውስጥ ከባዱ ሥራ ይህ ነበር ብትል አልዋሸችም። የጸዱት በእርግጥ ወፈሩ፤ ቁጥሩ አምሮ ወጣ። አርባ አንድ ግን ከስታም ሁለት ጊዜ ወለደች፤ ጡቷ ወተት ይዞ ወጥመድ ውስጥ ስትገኝ ሞግዚቷ ለእህቷ ስልክ ደወለች።

ወጥመዶቹ ለመጨረሻ ጊዜ በሚሰበሰቡበት ቀን ዶክተሯ ደሙን ለሹፌሩ ሰጥታ ራሷ ካባው ላይ ቀረች። ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። የመጨረሻው ወጥመድ ውስጥ አርባ አንድ ነበረች፤ ጆሮዋ ላይ አራት መዥገር። ሞግዚቷ እንደ ልማዷ አይታ ወደ ከረጢቱ ልትመልሳት ስትል ዶክተሯ ከኪሷ ወረንጦውን አወጣች።

«የመዥገሩ ጥናት ትናንት አልቋል» አለቻት።

ሞግዚቷ መነጽሯን አደረገች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አራቱንም ነቀለቻቸው። ከዚያ ብልቃጥ አውጥታ ከተተቻቸው፣ በወረቀቱም ላይ ቁጥሩንና ቀኑን ጻፈች። ዶክተሯ አሁን መጻፍ አያስፈልግም፣ ማንም አይቆጥረውም አለቻት።

ሞግዚቷ አርባ አንድን ድንጋዩ ሥር አስቀምጣ፣ ገብታ እስክትሰወር አየቻት።

«እናቷ ብትጠይቀኝስ?» አለች።