እታለም ኮምፒውተር ስትጠርግ

ሰሞኑን ልጄ ስልኳ ላይ የገባባትን አጉል ጨዋታ «አጥፍቼዋለሁ» ብላ አሳየችኝ። ያጠፋችው ምልክቱን ብቻ ነበር። ሳቅሁ፤ ታላቅ እኅቴም ትዝ አለችኝ።

እታለም እያልሁ ነው የምጠራት። ዐረብ አገር ሰው ቤት ሠርታ እንደተመለሰች ደብረ ታቦር ገበያው አጠገብ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ከፈተች። እኔም ትምህርት ጨርሼ፣ ትንሽ ኮምፒውተር ለምጄ፣ ራሴን እንደ ሊቅ ቆጥሬ እጽፍላት ነበር። ጊዜው ሁዳዴ ነው። የጧቱ ብርድ ጣት ያደነዝዛል፤ ምሳችን ከአቅራቢያችን ከገሳይ የሚመጣ ድንች ቅቅል በአዋዜ ነበር። ሥራው ደርቶልናል።

ከየትኛው ደንበኛ ፍላሽ እንደመጣ እንጃ፣ አንድ ሶፍትዌር ገባብን። በየመሐሉ እርቃኗን ለመቅረት ጥቂት የቀራት ሴት ገጹ ላይ ያመጣል። አንድ መሪጌታ የማኅበራቸውን ደንብ ሲያስጽፉ ብቅ አለች። በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈን አደረጉና «ልጄ፣ ጾሙ ይውጣና እመለሳለሁ» ብለው ወጡ። ወሬው ከተማውን አዳረሰ፤ ደንበኛ ራቀን።

«ይህ ቤት ከተዘጋ መንገዴ ያው ወደ ሰው ቤት ነው» አለች እታለም።

ባለሙያ ጠራን። «ሁሉን ደምስሶ እንደ አዲስ መጫን ነው» አለ።

«የምንጽፍላቸው ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍስ?» አለች እታለም።

«አብሮ ይጠፋል። ብንገለብጠውም ይኸው ጣጣ ተከትሎት ይወጣል።»

እንቢ አለች። እኔ ሶፍትዌሩን ከፕሮግራሞቹ ዝርዝር አስወጣሁት፤ ማሽኑን አጥፍተን ስንከፍተው ሴትዮዋ ተመለሰች። ተስፋ ቆርጬ ስነሣ እታለም ወንበሩን ስባ ተቀመጠች።

«ዐረብ አገር ያለችው እመቤቴ፣ ቤት ስጠርግ መሐሉን አታይም ነበር፤ ጣቷን ከአልጋው ሥር ነው የምትሰድ። ይህም እንዲሁ ሥር ሥሩ ቀርቷል። የት የት ይደበቃል? አሳየኝ።»

የሶፍትዌሩን ስም እየፈለግን ሄድን። የተረፈ ፎልደር አገኘን። ማሽኑ ሲከፈት አብሮ እንዲነሣ የተወው ትእዛዝም ነበር፤ ኢንተርኔት መክፈቻው ላይም ተለጥፏል። እኔ «አለቀ» ባልሁ ቁጥር እሷ «ቆይ» ትላለች። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ከዚያ በፊት አላየሁም፤ እኅቴ በመሆኗ ኮራሁ።

አጥፍተን ከፈትነው። ብንጠብቅ ምንም የለም። እታለም «እንግዲህ አልሄድም» አለች።

አልሄደችም። ዛሬም ስለ ዐረብ አገሩ ሥራ ስታነሣ «ዕድሜዬን እዚያ ፈጀሁት» ትላለች። አገርሽ ላይ ያስቀረሽ እኮ እዚያ የለመድሽው ጥርጊያ ነው እላታለሁ። ታኮርፋለች፤ ትንሽ ቆይታ ግን ሳቋ ይመጣል።

«እመቤቴ እንዳትሰማህ፤ ላስተማርሁሽ ክፈዪኝ ትላለች» ትለኛለች።