እሑድ እሑድ የማይጠፋው ኮምፒውተር

አባቴ ድምፃቸውን ሊያጡ ስድስት እሑድ ነበር የቀራቸው። ሐኪሙ ሳይሸፋፍን ነግሮናል፤ ጉሮሯቸው ውስጥ ያለው ዕጢ ከነማንቁርታቸው መውጣት አለበት፣ ሕይወታቸው ይተርፋል፣ ድምፃቸው ግን አይመለስም። እናቴ እዚያው ወንበሩ ላይ አለቀሱ። አባቴ “አልሐምዱሊላህ፣ መሪ የሚይዘው እጅ ነው” ብለው ተነሡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የተሳቢ ሾፌር ነበሩ።

እኔ ቁጭ ብዬ ማልቀስ አይሆንልኝም። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ጥገና ሠራተኛ ነኝ፤ አንድ ነገር ሲበላሽ እጄ መፍቻ ይፈልጋል። ደሴ፣ ወላጆቼ ሳሎን ውስጥ፣ ለታናናሾቼ ትምህርት የተገዛ አሮጌ ኮምፒውተር አለ። ታናናሾቼ አግብተው ወጡ፣ ኮምፒውተሩ ቀረ። ማይክ ገዝቼ ሰካሁበት፣ ድምፅ የሚቀዳ ፕሮግራም ጫንኩበት፣ አባቴንም “መንገዱን ይንገሩኝ” አልኳቸው። ከአሰብ እስከ ደሴ ያለውን መንገድ ጥምዝ በጥምዝ ያውቁታል። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየተጓዝን፣ በስድስተኛው እሑድ የሐረጎን ዳገት ወጥተን ቤታችን እንድንገባ ተስማማን።

የመጀመሪያው እሑድ ላይ የአሰብን ሙቀት፣ የጭነት ወረፋውን፣ ጎማ ሥር ተኝተው ያሳለፉትን ቀትር አወሩልኝ። ሲጨርሱ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መንገድ ላይ ለቀሩ ሾፌሮች ዱዓ ጀመሩ። ወሬው አለቀ ብዬ መቅጃውን አቆምኩና ሴቭ አደረግኩት።

አባቴ እጃቸው እንደተዘረጋ አንገታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። “ምን ነካሽ? ዱዓ ይቆረጣል እንዴ? እነዛ ሰዎች ከነመኪናቸው ገደል የቀሩ ናቸው። ይኼንንም ልትነፍጊያቸው ነው?”

“አፉ ይበሉኝ አባዬ” አልኩ።

“ደግሞ ይኼ መብራት ዓይኔ ላይ እያበራ ዱዓ አላደርግም።”

ከዚያ ወዲያ ሥርዓት ወጣለት። አባቴ እጃቸውን ሊያነሡ ሲሉ ስክሪኑን በራሱ ቁልፍ አጠፋዋለሁ፣ እናቴ የሶፋውን ዳንቴል ያለብሱታል፣ መቅጃው ግን ከሥር ይቀጥላል። እኔም እጄን ዘርግቼ “አሚን” እላለሁ። የአባቴ ዱዓ አጭር አይደለም፤ ከሾፌሮቹ ተነሥቶ ረዳቶቹን፣ ሚስቶቻቸውን፣ ውኃ ያጠጧቸውን የአፋር ሰዎች ሁሉ ያዳርሳል። ሲያበቃ ምሳ ይቀርባል። እኔ ደግሞ ለሰኞ ማለዳ ፈረቃ ኮምቦልቻ መግባት አለብኝና፣ ሲፒዩ የምንለውን ሳጥን ማጥፊያ አንዴ ጫን አድርጌው ወደ ምሳው እሄዳለሁ። ፕሮግራሙ እንደ ስልክ የቀዳውን ራሱ ያስቀምጣል ብዬ ነበር የማስበው። አባቴም “መንገዱ ሳያልቅ አይሰማም” ብለው ከልክለዋል፤ ስለዚህ ማንም ከፍቶ ያዳመጠ የለም።

ችግሩ የጀመረው በሁለተኛው እሑድ ነው። ምሳ በልቼ ቦርሳዬን ሳነሣ የሲፒዩው ማራገቢያ ያጉረመርማል። መብራቱም በርቷል። ማጥፊያውን ደግሜ ነካሁት፣ አልሰማኝም። አምስት ደቂቃ ጠበቅኩ። ሚኒባሱ ሊያመልጠኝ ነው፣ ደሜ ፈላ፣ ማከፋፈያውን ከሶኬቱ ነቀልኩትና ሄድኩ።

በሦስተኛውም እሑድ እንዲሁ ሆነ። በአራተኛውም። አንድ ጊዜ ዳንቴሉን ገልጬ አይቻለሁ፤ ስክሪኑ ጨለማ ነው። “ይኸው ስክሪኑም ሞቷል” አልኩ። ስክሪኑን ያጠፋሁት ራሴ መሆኔን ጭራሽ ረስቼው ነበር።

ሥራዬ ማሽን ነውና አልተውኩትም። ቅዳሜ ከሰዓት እየመጣሁ ሲፒዩውን ፈታሁት። አቧራውን አራገፍኩ፣ ሚሞሪውን አውጥቼ በላጲስ አሸት አሸት አድርጌ መለስኩ፣ የኃይል ገመዱን ቀየርኩ፣ ከፋብሪካ ጓደኛዬ ስታቢላይዘር ተዋስኩ። ከዚያ እከፍተዋለሁ፣ አጠፋዋለሁ። ይጠፋል። አሥር ጊዜ ባጠፋው አሥር ጊዜ ጭጭ ይላል። “አበቃ፣ አስተካክየዋለሁ” ብዬ እናቴ ላይ እኩራራለሁ። እሑድ ይመጣል፣ አባቴ ያወራሉ፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ኮምፒውተሩ አልጠፋም ይላል።

“እሑድን እየጠበቀ የሚመጣ ጉድ ነው” አሉ እናቴ። “ምናልባት ያባትሽ ነገር አሳዝኖት ይሆናል።”

“ብረት አያዝንም እማዬ!” ብዬ ጮህኩባቸው። ወዲያው አፈርኩ፤ እሳቸው ላይ የመጮኽ መብት አልነበረኝም። ግን ፈርቼ ነበር። በየሳምንቱ ከነሕይወቱ መንቀል ሀርድ ዲስክ እንደሚገድል አውቃለሁ። አባቴ ደግሞ በየሳምንቱ ድምፃቸው እየሻከረ፣ በየመሐሉ ውኃ እየጠጡ ነው የሚያወሩት። ባቲ ስንደርስ ግማሹን በሹክሹክታ ነበር የነገሩኝ።

ስድስተኛው እሑድ ላይ ሐረጎን ወጣን። “ከዚህ ጀምሮ ሁለተኛ ማርሽ” አሉ አባቴ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ቀኝ እጃቸው አየሩ ላይ ማርሽ እየቀየረ። የእያንዳንዱን ጥምዝ ታሪክ ተናገሩ፣ ማን የት እንደተገለበጠ፣ ማን ተርፎ የት ሻይ ቤት እንደከፈተ። ከዚያ የደሴ መብራት ታየ፣ እናቴ በር ላይ ቆመው ጠበቋቸው፣ ገባን። ሁላችንም አለቀስን። ስክሪኑ ዳንቴሉን ለበሰ፣ ዱዓው ተደረገ፣ ማጥፊያውን ተጫንኩ። አልጠፋም። አቤት ያኔ የተቆጣሁት! ጮህኩበት፣ በመዳፌ መታሁት፣ ከግድግዳው ነቀልኩት።

ጉዟቸው ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ ነበር፣ በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ። ሰኞን ከፋብሪካው ፈቃድ ወስጃለሁ። ጠዋት፣ አባቴ ሻንጣቸውን ሲያዘጋጁ፣ የስድስቱን እሑድ ቅጂ ለታናናሾቼ በፍላሽ ልገለብጥ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ፎልደሩ ውስጥ አንድ ፋይል አለ። የአሰቡ። ያቺ ዱዓውን የቆረጥኩባት።

ሌላ ቦታ ፈለግኩ። የለም። አምስት እሑድ የለም፤ ሚሌ የለም፣ ባቲ የለም፣ ሐረጎ የለም። እሱን መልሰው እንዲያወሩልኝ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ አልቀረም፤ ጉሮሯቸውም አይችልም።

እናቴ ፊቴን አይተው “ኸይር ነው?” አሉ።

“ኸይር ነው” ብዬ ዋሸሁ። ሲፒዩውን በነጠላ ጠቅልዬ፣ ባጃጅ ውስጥ ጭኔ ላይ አቅፌ፣ ሰኞ ገበያ ወረድኩ። የገበያው ቀን ነውና ባጃጁ ከሰዉ መሐል አላልፍ አለ። ከመንገዱ ግማሽ ላይ ወርጄ ተሸክሜው ሮጥኩ።

የጥገና ሱቁ ባለቤት ፂማቸውን ሂና የቀቡ፣ ድሮ ቴፕና ሬዲዮ ይጠግኑ የነበሩ ሰው ናቸው። ሁሉን ነገር በዝግታ ነው የሚያደርጉት። እኔ ቆሜ ሳጣድፋቸው እሳቸው መነጽራቸውን ይወለውላሉ።

“ቁጭ በይ እህቴ። አብሽሪ” አሉኝ።

“የመቀመጫ ጊዜ የለኝም። ላጠፋው ስል ይደርቃል። ዲስኩ ሞቶ ይሆናል። ያባቴ ድምፅ እዚህ ውስጥ ነው።”

ሲፒዩውን ከራሳቸው ስክሪን ጋር አገናኝተው ከፈቱት። አጠፉት። ጠፋ። “ይኸው ጠፍቷል እኮ” አሉ።

“እሑድ ብቻ ነው የማይጠፋው!”

ይሥቁብኛል ብዬ ነበር። አልሣቁም። ማይኩን ሰክተው ወንበራቸውን ለቀቁልኝ። “እንግዲያው እሑድ ነው በይ። እሑድ የምታደርጊውን ሁሉ፣ አንድም ሳታስቀሪ፣ እዚህ ፊቴ አድርጊው።”

ሰው መሐል ዱዓ ማስመሰል አሳፈረኝ፤ ግን አደረግኩት። ፕሮግራሙን ስከፍት እንደ ወትሮው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያለበት ትንሽ ሳጥን ብቅ አለ፤ እኔም እንደ ወትሮው ሳላነብ በግራ ያለውን ልጫን ስል እጄን ያዙት። “ይኼንን ምንድን ነው ሁልጊዜ የምትይው?”

“በግራ ያለውን ነው የምጫነው። እንዲሄድልኝ።”

ሳጥኑን አነበቡት። “እንዳልሽው በግራ ያለውን ተጫኚ። በቀኝ ያለውን ግን እንዳትነኪው” አሉ። ተጫንኩ። መቅዳት ጀመርኩ፣ ጥቂት አወራሁ፣ ስክሪኑን አጠፋሁ፣ ነጠላዬን አለበስኩት፣ እጄን ዘረጋሁ፣ ከዚያ የሲፒዩውን ማጥፊያ ተጫንኩ። ማራገቢያው አላቆመም። ልክ እንደ ቤታችን።

“ይኸው!” አልኩ። “ደረቀ!”

ሰውዬው ነጠላውን ቀስ ብለው አነሡት። ስክሪኑን አበሩት። መሐሉ ላይ አንድ ጥያቄ ተጽፏል፤ የቀዳሽው ይቀመጥ ወይስ ይጣል? መቅጃው አሁንም እየሠራ ነው።

“አልደረቀም እህቴ” አሉ። “ጠይቆሽ መልስ እየጠበቀ ነው።”

በዚያ ወንበር ላይ የተሰማኝን እነግራችኋለሁ። አምስት እሑድ ሙሉ ኮምፒውተሩ የአባቴን ድምፅ ላስቀምጠው ወይ እያለ በጨርቅ ሥር ለምኖኛል። እኔ ዱዓ እንዳይቆረጥ ብዬ በክብር መቅጃውን አላቆምም ያልኩት ሰው፣ በየሳምንቱ ሁሉንም ከነሥሩ ስነቅለው ኖሬያለሁ።

“ጠፍቷል ማለት ነው?” አልኳቸው።

“እንጃ። ያ በግራ የምትጫኚው ‘ለጊዜው እለፈው’ ነው የሚለው። በቀኝ ያለው ‘ሁሉንም ጣል’ ነው። በስሕተት እሱን ነክተሽ ከሆነ አላህ ያውቃል።” ፕሮግራሙን ዘግተው እንደገና ከፈቱት። ሳጥኑ መጣ። አሁን እኔም አነበብኩት፤ ሳይቀመጡ የተቋረጡ ቅጂዎች አሉ ይላል። ሰውዬው ‘ሁሉንም መልስ’ የሚለውን መሐለኛውን ተጫኑ። ትንሿ ክብ መዞር ጀመረች። ዞረች፣ ዞረች። ከሱቁ ውጪ አንዲት ሴት ስለ በርበሬ ትከራከራለች፤ ዝም በይ ብዬ ልጮኽባት ምንም አልቀረኝም።

አንድ መጣ። ሁለት። ሦስተኛው ቆይቶ መጣ። አራት። አምስት። “ማሻአላህ” አሉ ሰውዬው፣ ሁሉንም በፍላሽ እየገለበጡልኝ።

የመጨረሻውን መጨረሻ ከፍተን አዳመጥነው። የአባቴ ዱዓ ተፈጸመ። ቀጥሎ የትሪ ድምፅ፣ የእናቴ ጫማ። ከዚያ የእኔ ጩኸት ሱቁን ሞላው። “ዛሬም! ይኼ ደንቆሮ ብረት! ወላሂ አውጥቼ ነው የምጥልህ!” የመዳፌ ምት ተሰማ። ሰውዬው በጨዋነት ወደ መፍቻዎቻቸው ዞሩ። ከጩኸቴ ሥር የአባቴ የሻከረ ድምፅ መጣ፤ “ተይው ልጄ። ተይው በቃ። እኔ እኮ የምፈራው...” እዚያ ላይ ነቅየዋለሁ። ሌላ የለም።

ያንን ሲናገሩ አልሰማኋቸውም ነበር። አጠገቤ ተቀምጠው እየተናገሩ አልሰማኋቸውም።

ቤት ስገባ አባቴ ሶፋው ላይ ጋደም ብለዋል። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ፎልደሩ ባዶ መሆኑን፣ መዋሸቴን፣ ሳላነብ ያለፍኩትን ጥያቄ። “መንገዱ አልቋል፣ አሰሚኝ” አሉ። ያንን መጨረሻ ሲሰሙ እስኪያስላቸው ድረስ ሣቁ።

“እንዲህ ነው እንዴ የምትጮኸው?” አሉ ወደ እናቴ ዞረው።

“ከዚህም ይብሳል” አሉ እናቴ።

“አባዬ” አልኩ፣ “የሚፈሩት ምን ነበር?”

ውኃ ጠጡ። ለመናገር ጊዜ ወሰደባቸው። “ድምፄስ ይሂድ፣ ሰባ ዓመት ተናግሬበታለሁ። የምፈራውማ ደምሽ ሲፈላ ‘ተይ’ የሚልሽ እንዳይታጣ ነው። እናትሽን አትሰሚያትም።”

ማይኩ አልተሰካም ነበር። ይኼኛው የትም አልተቀዳም።

አሁን ቀዶ ጥገናው አልፏል፣ አባቴ ቤታቸው ናቸው፣ ጤናቸውም ደህና ነው። እሑድ እሑድ አሁንም እሄዳለሁ። ከምሳ በፊት እጃቸውን ዘርግተው ለሾፌሮቹ ዱዓ ያደርጋሉ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። የቱ ጋ “አሚን” እንደሚባል አናውቅም፣ እናቴ በግምት ይላሉ። መቼ እንደሚያልቅም የምናውቀው መዳፋቸው ፊታቸውን ሲያብስ ብቻ ነው። ባለፈው እሑድ በጣም ረዘመ፤ ሚኒባሱ አመለጠኝ። እጄን ዘርግቼ እጃቸውን አየሁ እንጂ አልተነሣሁም።