በርቷል እንዴ?

ጎፋ ላይ ከታክሲ ወርዶ «ያሕያ ስፒከር የት ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው መንገድ ጠፍቶት አያውቅም። ከልብስ ሰፊዋ ከሪሐና ሱቅ ጎን፣ በሩ ላይ አሮጌ ስፒከር የተንጠለጠለበት ጠባብ ቤት ነው። ሪሐና ሚስቱ ናት። በመሐላቸው ያለው ግድግዳ ስስ ኮምፔንሳቶ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ የሚያወሩት ሳይተያዩ ነው፤ ሲጣሉም እንደዚያው።

ያሕያ ጢሙ እስኪሸብት የኖረው የሰው ዕቃ ሲጠግን ነው። ቴፕ፣ ቴሌቪዥን፣ የሠርግ አምፕሊፋየር፣ ምን የቀረ አለ? ታዲያ አንድ ነገር ሁሌ ያበሳጨዋል። ደንበኛ ዕቃውን ሊወስድ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያደርገው ጆሮውን ስፒከሩ ላይ መለጠፍ ነው። «እምምም» የሚል ጥዝታ ከሰማ ፊቱ ፍክት ይላል። «አቤት! ጉልበት አለው!» ይላል። የምን ጉልበት! ጥዝታ እኮ ቆሻሻ ነው። ያሕያ ይህን ሲያስረዳ ጉሮሮው ደረቀ፤ የሚሰማው ግን አላገኘም። አንዱማ ጥዝታውን አጥፍቶ ቢሰጠው «ምኑን አወጣህብኝ?» ብሎ ሊደባደብ ነበር።

ስለዚህ ምኞቱ አንድ ነበር። ከላይ እስከ ታች የራሱ የሆነች፣ ጥዝታ የሚባል ነገር የሌላት አንዲት ዕቃ ሠርቶ ፊቷ ላይ ስሙን መጻፍ።

ዕድሉን ይዞለት የመጣው ጉተማ ነው። ጉተማ የሀና ማርያም ሰፈር ልጅ ነው፤ አባቱ ጤፍ ይዘሩበት ከነበረው መሬት በተረፈው ጓሮ አንድ ክፍል ሠርቶ፣ ሰው አረፍ ብሎ ሸክላ የሚያዳምጥበት ቤት ሊከፍት ተነስቷል።

«ጋሽ ያሕያ፣ ስፒከርም አምፕሊፋየርም አለኝ» አለው። «የጎደለኝ ከፊታቸው የሚገባው ነው። ፕሪአምፕሊፋየር ሥራልኝ። ክረምቱ ሲወጣ እከፍታለሁ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የሸክላ መርፌ የምታወጣው ድምፅ እጅግ ደካማ ነው። ትልቁ አምፕሊፋየር ጉልበት ከመስጠቱ በፊት ፕሪአምፑ ይቀበለዋል፣ ያስተካክለዋል፣ ትንሽ አሳድጎ ያሳልፈዋል። እዚህ ላይ የገባች ቅንጣት ቆሻሻ ከኋላዋ ካለው ጉልበት ጋር አብራ ታድጋለች። ሽንኩርቱ ሲቁላላ ካረረ በኋላ የፈለገውን ቅቤ ቢጨምሩበት ወጡ እንደማይድን ማለት ነው።

ያሕያ ክረምቱን ሙሉ ተጠበበበት። የጥዝታ ዋና አባት የሆነውን ትራንስፎርመር ለብቻው ሌላ ሳጥን ውስጥ ከትቶ በረዥም ገመድ አራቀው። የቀኙንና የግራውን ድምፅ መንገድ ለየብቻ ሠራ። የቮልዩም ማዞሪያውን በየእርምጃው ድምፁን የሚመጥን የራሱ ሬዚስተር ያለው አደረገው፤ ሲዞር «ቀጭ፣ ቀጭ» ይላል። ኧርዝ የሚባሉት የመሬት ሽቦዎች ሁሉ አንዲት ብሎን ላይ ብቻ እንዲገናኙ አደረገ፤ ሁለት ቦታ ከተገናኙ በመሐላቸው ጥዝታ ይዞራል። ሳጥኑን ከወፍራም አሉሚኒየም አስቆረጠ። ፊቱን ግን ባዶ ተወው። ዝም ማለቱን ሳያረጋግጥ ስሙን አይጽፍበትማ!

በመጨረሻ አበራው። ጆሮውን ስፒከሩ ላይ ለጠፈ። ጸጥ። ማዞሪያውን እስከ ጥግ ወሰደው። ጸጥ! «አልሐምዱሊላህ!» ብሎ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። ደስታው ግን ውሎ አላደረም።

ከሰዓት በኋላ የአንድ ሌላ ዕቃ ሽቦ መበጠስ አለመበጠሱን ሊፈትሽ ቴስተሩን አነሳ። ሽቦው ደህና ከሆነ ቴስተሩ «ጢጥ» ይላል። ዝም አለው። ባትሪው አልቆ ነው ብሎ ቀየረው። ዝም። ሌላ ሽቦ ሞከረ። አሁንም ዝም። እየተናደደ ደጋግሞ ሲነካካ ከግድግዳው ማዶ ሪሐና ጮኸች።

«አንተ ሰውዬ! ያቺን ጢጥ ጢጥ የምትል ነገር አታቆምልኝም? ጆሮዬን በላችው እኮ!»

ያሕያ ቴስተሩን አየው። እንደገና ነካ አደረገው። እሱ ምንም አልሰማም።

«ይኸው አሁንም!» አለች ሪሐና።

ዕድሜውን ሙሉ ስፒከር ሲያስጮህ የኖረው ጆሮው ቀጭን ድምፅ መስማት ትቷል! ታዲያ ያ ጸጥታ የማን ነው? የዕቃው ነው ወይስ የጆሮው? የድምፅ መለኪያ መሣሪያው ስክሪን ላይ ጥዝታ የሌለበትን ቀጥ ያለ መስመር ያሳየዋል፤ ግን እሱም አርጅቷል፣ ረቂቅ ነገር አይለይም። ያሕያ ፈራ። በጣም ፈራ። ያሕያ ስፒከር ደነቆረ ከተባለ ጎፋ ላይ ማን ዕቃውን ያምነዋል? ለሪሐና እንኳ መንገር አፈረ። ምግብ አልበላ አለው፣ ሥራ ጠላ፣ አዲሱን ዕቃ በጨርቅ ሸፍኖ ዞር ብሎም አላይ አለ።

ሐሙስ ዕለት ጉተማ ደወለ። «ቅዳሜ ነው የምከፍተው፣ ሰው ጠርቻለሁ» አለ። ያሕያ ስልኩን ዘግቶ ቀጥ ብሎ ሪሐና ሱቅ ገባ።

«ሪሐ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው። ጆሮዬ…»

«አይሰማም» አለች ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል።

«ታውቂያለሽ?»

«ታውቂያለሽ ይለኛል እንዴ! ሁለት ዓመት ሙሉ የምጮኸው ለምን መሰለህ?»

«እኔማ ጠበኛ የሆንሽ መስሎኝ ነው።»

ሪሐና ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ ፊቱን አየችና ሳቁ ጠፋባት። «ምነው ቀደም ብለህ ብትነግረኝ፣ ያሕያ?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። አልሰማትም፤ ግን ገባው።

የመኪናዋ መርፌ ሊሰበር ሲል በድምፁ ቀድማ የምታውቅ ሴት ናት። ሥራዋን ትታ መጣችና ስፒከሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጠች፤ ሻርፗን ከጆሮዋ ገለጥ አደረገች። ያሕያ ዕቃውን አበራ። ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ አፏን አፏን ያያል።

«ቀኙ ደህና ነው» አለች። «ግራው ላይ ግን ትንኝ አለች።»

ልቡ ስብር አለ። «እርግጠኛ ነሽ?»

«ትንኝ አላውቅም እንዴ? የምኖረው ትንኝ በሞላበት ለቡ ነው እኮ!»

ያሕያ የሳጥኑን ክዳን ከፈተና በፕላስቲክ ዘንግ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ገፋ ያደርግ ጀመር። «አሁንስ?» ይላል። «ያው ናት» ትላለች። «አሁንስ?» «ባሰባት።» «አሁንስ?» «ቆይ! ተመለስ! እሷን፣ እሷን!»

ዘንጉ ያረፈበትን ሲያይ ግንባሩን በመዳፉ መታ። በመጨረሻ ለጥንቃቄ ብሎ የጨመራት የመሬት ሽቦ ናት! ለግራው አንዷ ባትበቃስ ብሎ ፈርቶ ሌላ ቦታ ላይ ሁለተኛ አሰረለት፤ ራሱ ያወጣውን ሕግ ራሱ አፈረሰው። ሽቦዋን ቆርጦ ጣላት።

«አሁንስ?»

ሪሐና ዓይኗን ጨፍና ቆየች። «ሄደች።»

«ወላሂ በይ!»

«ወላሂ! ሄደች አልኩህ እኮ!»

ቅዳሜ ሁለቱም ሱቃቸውን ዘግተው ሀና ማርያም ሄዱ። የጉተማ ክፍል በእንግዳ ሞልቷል፤ አባቱም ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ጉተማ ዕቃውን አገናኘ፣ አበራ፣ ከዚያ ምን አደረገ? ጆሮውን ስፒከሩ ላይ ለጠፈ! ልክ እንደ ጎፋ ደንበኛ! ፊቱ ልውጥ አለ። ማዞሪያውን ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያደረገ እስከ ጥግ ወሰደው። ምንም። እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ጋሽ ያሕያ» አለ ጉተማ፣ እንዳያሳፍረው ጠጋ ብሎ፣ «በርቷል እንዴ?»

ያሕያ ከንፈሩን አይቶ ነው የተረዳው። ወይ ደስታ! በዚያ ሁሉ ዘመን ከደንበኛ አፍ ሊሰማው የሚመኘው ጥያቄ ይኸው ነበር። አሁን ሪሐና ብቻ ሳትሆን ቤቱ ሙሉ ጆሮ ጸጥታውን መሰከረለት። «በርቷል፣ ልጄ» ሊል አፉን ሲከፍት ጉተማ መርፌዋን ሸክላው ላይ ሊያሳርፍ አነሳት።

«ቀንሰው!» ብላ ሪሐና ጮኸች። «እስከ ጥግ ከፍተኸዋል እኮ! ቤቱን ልታፈርሰው ነው?»

ጉተማ ደንግጦ ማዞሪያውን መለሰ። መርፌዋ አረፈች። የማሲንቆው ድምፅ ተጫዋቹ እዚያው ክፍል መሐል የተቀመጠ እስኪመስል ድረስ ወጣ። ከዚያ የሴት ድምፅ መጣ። የጉተማ አባት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ቀሩ።

ያሕያ ማሲንቆውን ሰማ፤ ዘፈኑንም ሰማ። የቀረበት ነገር እንዳለ ግን ያውቃል። ወደ ሪሐና ጠጋ አለ። «ዘፋኟ ከመጀመሯ በፊት ትንፋሽ ስትወስድ ይሰማል?»

«ይሰማል» አለች በጆሮው። «ከንፈሯ ሲላቀቅ ሁሉ ይሰማል።»

«ግራው ላይስ?»

«ዘፈኑ ብቻ።»

እንባው መጣ፤ አልጠረገውም።

ዘፈኑ ሲያልቅ ጉተማ የዕቃውን ፊት በመዳፉ ዳሰሰ። «ጋሽ ያሕያ፣ ባዶ ነው እኮ። ስምህን አትጽፍበትም?»

«እጽፍበታለሁ» አለ ያሕያ። «የሁለታችንን።»

ሪሐና ሻርፗን አስተካከለችና ቀስ ብላ አንድ ነገር ተናገረች።

«ምን አልሽ?»

«የእኔን አስቀድም አልኩህ!» ብላ ጮኸች።

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ያሕያም ሳቀ፤ ይህቺን በደንብ ሰምቷታል።