ከእጄ አልጎርስም ያለው ዓሣ

ባለቤቴ የአሰብ መስመር ሹፌር ነበር። ያን ጊዜ አሰብ የኛ ነው፤ የመንግሥት ተሳቢ ይዞ ይወርድና አንዳንዴ በአሥር ቀን፣ አንዳንዴ በሃያ ቀን ይመለሳል። የሌላው ሹፌር ሚስት ጨርቅና ሽቶ ይመጣላታል። የኔው ግን በተጋባን በዓመቱ ምን ይዞልኝ ቢመጣ ጥሩ ነው? ዓሣ! የሚጠበስ ቢሆን እሰየው ነበር። ነፍሱ ያለች፣ የባሕር ውሃ በሞላ ጀሪካን ውስጥ የሚዋኝ ዓሣ! በየማረፊያው እየቆመ በብስክሌት መንፊያ አየር እየነፋለት ነው መካኒሳ ድረስ ያደረሰው። ለኔ እንደዚያ ተጨንቆልኝ አያውቅም።

ለካ ቤቱንም ቀድሞ ጓደኛው ቤት አሰናድቶለታል። ወደ አገሩ ከሚመለስ ጣሊያን የመስታወት ሣጥንና ትንሽ የአየር ሞተር ገዝቶ፣ በፊተኛው ጉዞው ባመጣው የባሕር ውሃ ሞልቶ፣ ከባሕር ሥር የወጣ ድንጋይ ደርድሮበት ነበር። አሁን አስመጥቶ፣ ሬዲዮናችንን አስነስቶ፣ ሳሎን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ድንጋዩ በድን መስሎኝ ነበር፤ ሕይወት አለው፤ እንደ አበባ ይከፈታል፣ ይዘጋል። መብራት ጠፍቶ ሞተሩ ሲቆም በብስክሌት መንፊያው የምነፋው እኔ ነኝ። ዓሣው እንደ ሳህን ጠፍጣፋ፣ ቢጫ፣ ዓይኑ ላይ በቡጢ የተመታ የሚመስል ሰማያዊ ያለበት ነው። ሲያዩት ዓይን አይጠግበውም። ችግሩ፣ አይበላም።

ዳቦ ፈረፈርኩለት፤ ዞር ብሎ አላየውም። የእንቁላል አስኳል፣ እምቢ። እኔ ደግሞ የጉራጌ ልጅ ነኝ፤ ክትፎ ኩራቴ ነው። ቀዩን ሥጋ አድቅቄ ከትፌ ጨመርኩለት። ለካ እጄ ልማድ ሆኖበት ቅቤና ሚጥሚጣውን ለውሼበታለሁ! ቅቤው ውሃው ላይ ዓይን ዓይን እየሠራ ተንሳፈፈ፤ ዓሣው ጥጉን ይዞ ቁና ቁና ይተነፍሳል። ወይ ጉዴ! ቅቤውን በጋዜጣ ስጠርግ፣ ግማሹን ውሃ ስደፋ፣ ከመጠባበቂያው ጀሪካን ስሞላ ዋልኩ። ባለቤቴ መጥቶ ሲሰማ ሳቁ አላቆም አለው።

“አንቺ እኮ ማር ብትሰጪውም አይበላልሽም” አለኝ።

“ቢበላስ?”

“ከእጅሽ የጎረሰ ቀን መኪናውን አስረክቤ እዚሁ ከተማ እሠራለሁ። አቦን!”

አቦን አለ! ደብሩ ከቤታችን እልፍ ሲሉ ነው፤ በኛ ሰፈር አቦን ብሎ የማለ ሰው ቃሉን በዋዛ አይተውም። እሱ በጨዋታ ቢልም እኔ ጆሮዬን ቀስሬ ነው የሰማሁት። ያን መንገድ እፈራው ነበር። ሙቀቱ፣ ቁልቁለቱ፣ በረሃ ላይ የሚተኮሰው። ሄዶ እስኪመለስ የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ደጅ ነኝ። “ተው፣ ይቅርብህ” ስለው፣ “ባሕሩን ሳላይ ልኑር?” ይለኛል። እንግዲህ የባሌ ነገር በዚያ ዓሣ አፍ ላይ ተንጠለጠለ፤ እልህ ያዘኝ።

አጥር የምንጋራቸው ጎረቤቴ የሙስሊም ነጋዴ ባለቤት ናቸው፤ በዕድሜ ስለሚበልጡኝ እትዬ እላቸዋለሁ። የባለቤቴን መሐላ የነገርኩት ለሳቸው ብቻ ነው። ዓሣውን “ጓድ” ነበር የሚሉት። “ጓድ ዛሬስ በሉ?” ይሉኛል በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው። ሁዳዴ ሲገባ እኛ ቤት ሥጋ ስለማይገባ፣ ከወጣቸው ላይ ጭብጥ የምታህል ቀይ ሥጋ ቀንሰው፣ በቅጠል ጠቅልለው ያቀብሉኛል። እኔም በሬን ዘግቼ እከትፋለሁ። በሁዳዴ የሥጋ መክተፊያ ድምፅ! ሰው ቢሰማ ምን ይለኝ ነበር? እንደዚያ ያለ ጎረቤት ዛሬ ከየት ይመጣል።

አንድ ቀን ሥራዬን ትቼ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብዬ ሳየው ዋልኩ። አፉ እንደ ወረንጦ ቀጭን ነው። ከላይ የሚወርደውን ነገር አይነካም፤ ድንጋይ ለድንጋይ እየዞረ ከየቀዳዳው ሲለቅም ይውላል። እንዴ! ይሄ ለቃሚ ነው እኮ፣ ምን ያጎርሰዋል! ሕይወት የሌለውን አንዱን ድንጋይ አወጣሁና የደቀቀውን ሥጋ በየቀዳዳው ጠቅጥቄ መለስኩት። ዞረው። ራቀ። ተመልሶ መጣና አንዴ ነካ አደረገ፤ ደገመ፤ ከዚያ ማን ያቁመው! እልልታዬን ሰምተው እትዬ እጃቸው ሊጥ እንደሆነ ሮጠው መጡ።

ከዚያ ወዲያ ድንጋዩን በእጄ ይዤለት፣ ሥጋውን ቀስ በቀስ ወደ ጣቴ እያስጠጋሁ፣ ሁለት ወር ለፋሁ። አንድ ጠዋት ድንጋዩን ትቶ ከጣቴ ላይ ለቀመ። ትንሽ ኮርኮር አደረገኝ እንጂ ምንም አይደለም፤ እኔ ግን ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ባለቤቴ ሲመጣ አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ አስቀምጬ አሳየሁት። ዓሣው ከጣቴ ሲለቅም አየ። ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ። “በይ እንግዲህ” አለኝ። በወሩ መኪናውን አስረክቦ ንፋስ ስልክ የፋብሪካ ሰርቪስ መንዳት ጀመረ። የኔን ደስታ ምን ልበላችሁ! ምሳ ሰዓት ላይ በሩን ከፍቶ የሚገባ ባል ኖረኝ።

አንድ ነገር ግን አላሰብኩም። የባሕሩ ውሃ የሚመጣው በሱ መኪና ነበር። ጓደኞቹ ሁለት ጊዜ በጀሪካን አመጡለት። ከዚያ ያ ድርቅ መጣ፤ የአሰብ መኪና ሁሉ የእርዳታ እህል ጫነ። ሰው በረሃብ እያለቀ ለዓሣ ውሃ አምጡልን ማለት ነውር ሆነብንና ተውነው። ከቀበሌ ሱቅ ጨው ገዝቼ በጥብጬ ሞከርኩ። ድንጋዩ ላይ ያሉት አበቦች አንድ ባንድ ከሰሙ፤ ዓሣውም መልቀሙን ተወ። እጄን ውሃው ውስጥ ነክሬ “በሞቴ፣ በሞቴ ብላ” እያልኩ እለምነው ነበር።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በጎኑ ተኝቶ አገኘነው። ባለቤቴ በመዳፉ አውጥቶ ጓሮ፣ ጎመኑ አጠገብ ቀበረው። አልቅሶ አይቼው የማላውቀው ሰው አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ አሳዝኖኝ ነበር። ግን ልዋሽ አልችልም፣ ውስጤ ደስ ብሎት ነበር፤ ከእንግዲህ አሰብን የሚያስመኘው ነገር ቤቴ ውስጥ የለም ብዬ።

እጁን ሲታጠብ በጣሳ ውሃ አፈስለታለሁ። ቀና ሳይል፣ “እኔ እኮ የማልኩት መቼም እንደማይበላልሽ እርግጠኛ ስለነበርኩ ነው” አለኝ።

“አውቃለሁ” አልኩት። ከማለበት ቀን ጀምሮ አውቅ ነበር። ይቅርታ ልለው አፌን ከፈትኩ። ነገር ግን ነገ መልሼ አሰብ ልሂድ ቢለኝ እምቢ እንደምለው ስለማውቅ አፌን ዘግቼ ውሃውን አፈሰስኩለት።